ሳይወርዱ ሃያ አራት ኪሎ ሜትር

ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ብስክሌት ሲጠግን የኖረ ሰው ራሱ መንዳት አይችልም ብትሉ ማን ያምናችኋል? ማንም አያምናችሁም። ምስጢሩ ሳይወጣ የኖረውም ለዚህ ነው። ከተማው በሙሉ «ጋሽ ጆሮ» እያለ የሚጠራው ብስክሌት ጠጋኝ፣ እጁ ከዘይት አፍንጫው ከጎማ ሽታ ተለይቶ የማያድረው ሰውዬ፣ በዕድሜው አንድ ቀን እንኳ ሁለት እግሩን አንድ ላይ ከመሬት አንስቶ አያውቅም ነበር።

ጣጣውን ያመጣችበት አንዲት ቃል ናት። በሃያ ዓመቱ ሥራ ፍለጋ አጎቱ ዘንድ ሲመጣ፣ አጎትየው የተገለበጠ ብስክሌት ላይ እንዳቀረቀሩ «መንዳት ትችላለህ አይደል?» አሉት። እሱ ባደገበት አካባቢ ብስክሌት ማለት በዓመት አንዴ የምታልፍ ጉድ ነበረች። ግን ሥራው አስፈልጎታል፣ እፍረትም ይዞታል። ደረቱን ነፍቶ «እንዴታ!» አለ። አለቀ፣ ደቀቀ። ከዚያ ወዲያ ልማር ቢል ማን ፊት ይማራል? የመጠገኛ ቤቱ በር የሚከፈተው ከጠዋት እስከ ማታ የጭነት መኪና በሚያጓራበት ጎዳና ላይ ነው፤ እዚያ ላይ መንገዳገድ ሞትም ውርደትም ነው። ደግነቱ አጎትየው «የደንበኛ ዕቃ ላይ መውጣት ክልክል ነው» የሚል ሕግ ነበራቸው። ያ ሕግ ሌላውን ሠራተኛ ሲያስመርር ለእሱ መሸሸጊያ ሆነለት።

አጎትየው ሞተው ቤቱ ለእሱ ሲቀር ግን ሌላ ዘዴ አስፈለገ። የተጠገነ ብስክሌት መሞከር አለበት፤ ታዲያ ሳይነዱ እንዴት ይሞከራል? ብልጠቱን ተመልከቱልኝ። «ባለቤቱ ራሱ ይንዳው፣ እኔ ልስማ» ማለት ጀመረ። ደንበኛው በበሩ ፊት ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ፣ እሱ መቃኑን ተደግፎ ዓይኑን ይጨፍናል። መጀመሪያ ማስመሰል ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ከመኪና ጩኸት በቀር ምንም አይሰማም። ነገር ግን ሰው ዓይኑን ጨፍኖ አሥር ዓመት ቢያዳምጥ ሳይወድ በግዱ መስማት ይጀምራል። አንድ ቀን በበሩ ፊት ለምትመላለስ አንዲት ነርስ «እህቴ፣ የኋላ ጎማሽ አንዷ ሽቦ ላልታለች፣ በግራ በኩል» አላት። ወርዳ ብትዳስስ እውነትም ላልታለች። እጇን በአፏ ጫነች። ጋሽ ጆሮ የሚለው ስም ያን ቀን ወጣለት፣ ወሬውም በከተማው ተዳረሰ። ከዚያ በኋላማ እንዴት ብሎ ይናዘዝ?

ምስጢሩን የምታውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበረች፣ ባለቤቱ። በተጋቡ በሁለተኛው ሳምንት «ና እስቲ ወንዝ ዳር ነድተን እንምጣ» ብትለው ላብ አጠመቀው፤ እውነቱን ተናገረ። ሴትየዋ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ ስቃ ስቃ ሲደክማት እንባዋን ጠርጋ «ሆድ ይፍጀው፣ ከእኔ አይወጣም» አለችው። ቃሏንም ጠበቀች። እሷ ራሷ በየቀኑ ትነዳለች፤ ከከተማው ውጭ ያለው የወይን እርሻ ላይ የለቃሚዎች አለቃ ናት። በዚያ በጭነት መኪና ጎዳና አምስት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፣ አምስት ኪሎ ሜትር ትመለሳለች። ማታ ማታ እስክትመጣ ድረስ ጋሽ ጆሮ መፍቻ በእጁ ይዞ በሩ ላይ ይቆማል። የእሷን ሰንሰለት ድምፅ ከሁለት መቶ ሜትር ይለያታል። ስትደርስ «መጣሽ?» ይላል፤ «አይ፣ ገና መንገድ ላይ ነኝ» ትለዋለች። አብሮ የመንዳቱን ነገር ግን ከዚያች ቀን በኋላ ደግማ አላነሳችበትም። አለማንሳቷ ነበር አንጀቱን የሚበላው።

እንግዲህ የጠጠሩ መንገድ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ከመጠገኛ ቤቱ ጀርባ፣ ባቡር ሥራ ካቆመ ወዲህ አረም የዋጠው የድሮ ሐዲድ ነበር። ብረቱ ተነቅሎ ተወሰደ፣ ጠጠር ፈሰሰበት፣ ተዳመጠ፣ መኪና እንዳይገባ ጫፍና ጫፉ ላይ ድንጋይ ተተከለ። ሃያ አራት ኪሎ ሜትር! ወንዙን ተከትሎ ሸለቆውን ይዞ ይወርዳል፣ የወይን እርሻዎቹን መሃል ለመሃል ይሰነጥቃል፣ ጫካ ይገባል፣ ከአሮጌው ድልድይ ማዶ የተተወው ባቡር ጣቢያ በር ላይ ያልቃል። ጋሽ ጆሮ ሠላሳ ዓመት ተቆልፎ የኖረውን የጓሮ በር በመዶሻ ከፈተው። ከደፉ ወዲያ የሚሰማው ወፍና ውሃ ብቻ ነበር። አንድም መኪና የለም።

ይህን ሁሉ ያስተባበሩት ጡረታ የወጡት ደብዳቤ አመላላሽ ናቸው። እትዬ ፖስታ ይባላሉ። አርባ ዓመት በብስክሌት ደብዳቤ ያደሉ፣ ቁመተ ረጅም፣ ምላሳቸው ምላጭ የሆነ ሴት ናቸው። ብስክሌታቸውን ራሳቸው ይጠግናሉ እንጂ ለማንም አይሰጡም፤ ጋሽ ጆሮንም ከጥንት ጀምሮ በጎሪጥ ነው የሚያዩት። ታዲያ አንድ ጠዋት መጠገኛ ቤቱ ድረስ መጥተው በሩን ሞልተው ቆሙ።

«ስማኝ፣ መንገዱ ከስድስት ሳምንት በኋላ ይመረቃል። አርባ ሰው ይነዳል። የመንገዱ ኮሚቴ ከፊት የሚመራው አንተ ነህ ብሏል። የከተማው ጎማ ሁሉ በእጅህ ያለፈ ነውና ካንተ የሚቀድም የለም ተባለ። እኔ እንኳ ብስክሌት ላይ አይቼህ አላውቅም።»

«ሥራ ይበዛብኛል እትዬ» አለ።

«ትመራለህ ወይስ አትመራም?»

ሰዎች ቆመው ይሰማሉ። ነርሷ አለች፣ ባለ ሦስት እግር ብስክሌቱን ለማስነፋት የመጣው ዳቦ ጋጋሪም አለ። ያቺ የሃያ ዓመቱ እብሪት ከየት እንደመጣች እንጃ፣ ምላሱ ላይ ቁጢጥ አለች።

«እንዴታ!» አለ።

ማታ ለባለቤቱ ሲነግራት በዚህ ጊዜ አልሳቀችም። ሻይዋን አስቀመጠችና ትክ ብላ አየችው። «መቼ ነው የምንጀምረው?» አለችው። እሱ እኮ ታመምኩ ብሎ የሚቀርበትን መንገድ እንድትነግረው ነበር የፈለገው! «በዚህ ዕድሜዬ? ምን ቆርጦኝ!» ቢላት፣ «ሃያ ስምንት ዓመት ጠብቄሃለሁ፤ ነገ ጎህ ሲቀድ ተነስ» አለችው። ሃያ ስምንት ዓመት ስትጠብቅ እንደነበር ያኔ ገባው። ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ አደረ።

መማሩ እንደምታስቡት ነው፤ ከዚያም ይብሳል። እንደ ልጅ ወድቆ የሚነሳ ገላ የለውም። በመጀመሪያው ቀን ሦስቴ ወደቀ፣ በሁለተኛው ቀን መቁጠር ተዉ። በአምስተኛው ቀን ቀጥ ብሎ ሄዶ ሄዶ ወይኑ ውስጥ ገባና የበሰለውን ዘለላ በጀርባው ጨመቀው። ባለቤቱ «አንተ ሰውዬ፣ ለቀማው ገና አልተጀመረም!» ብላ ጮኸች። «ወደ ጎማው አትይ፣ ወደ ሩቅ እይ!» ትለዋለች። እሱ ግን ዕድሜውን ሙሉ ጎማ ሲያይ የኖረ ሰው ነው፤ ዓይኑ አልታዘዝ አለው።

አንድ ጠዋት ጉድ ሊፈላ ነበር። ወድቆ ጠጠሩ ላይ ተዘርግቶ ሳለ እትዬ ፖስታ መንገድ ሊያዩ ከጉብታው ብቅ አሉ። ባለቤቱ ወይኑ ውስጥ ተደበቀች። እሱ መነሳት ስላቃተው ጆሮውን የወደቀው ብስክሌት ላይ ለጠፈ።

«ምን እየሆንክ ነው?» አሉት ከላይ ሆነው።

«ኩሽኔታው... እየሰማሁት ነው።»

እትዬ ፖስታ «እብድ» አሉና አለፉ። ወይኑ ለረጅም ጊዜ ሲንቀጠቀጥ ነበር፤ ባለቤቱ ሳቋን ስታፍን።

በአራተኛው ሳምንት ነዳ። በቃ፣ ነዳ! ዞረ፣ ፍሬን ያዘ፣ ቁልቁለት ወረደ። የመጀመሪያዋን ሙሉ ኪሎ ሜትር ሲጨርስ አንድ ጎልማሳ ሰውዬ ብቻውን በሸለቆው መሃል «ኧረ ባባባ!» እያለ ሲጮህ ወፎቹ ተነስተው በረሩ። አንዲት ነገር ብቻ አልሆን አለች፤ መነሳት። ከሜዳ ላይ አንድ እግር ፔዳል ላይ አድርጎ፣ ገፍቶ፣ ሌላውን ማንሳት። በዚያች ቅጽበት እግሩ ትከዳዋለች። ባለቤቱ የወይን መልቀሚያ የእንጨት ሣጥን አመጣችለት፤ ሣጥኑ ላይ ቆሞ ኮርቻው ላይ ይደላደላል፣ ከዚያ ሣጥኑን ረግጦ ይሄዳል። ያለ ሣጥን ግን ወይ ፍንክች! ስድስተኛው ሳምንት አለቀ፣ እግሩ አልሰማ አለች።

ስለዚህ ዘዴ አበጁ። ከጓሮው በር ደረጃ ላይ ሆኖ ይነሳል፣ ጣቢያው እስኪደርስ አይወርድም። የእርሻው ባለቤቶች ለእንግዶቹ ወይን ስለሰጡ እሷ ጠረጴዛውን ለማሰናዳት ቀድማ ጣቢያው ትደርሳለች፤ ለመልሱ ሣጥኑን እዚያ ታስቀምጥለታለች። እትዬ ፖስታ ግን መሃል ላይ ቆመን ንግግር እናድርግ ይላሉ። ጋሽ ጆሮ ሄዶ፣ ፊቱን እንደ ሐኪም አኮሳትሮ፣ «አዲስ ጠጠር ላይ አርባ ብስክሌት ቆሞ ከተነሳ መንገዱን ይቆፍረዋል፤ ሳንወርድ ሃያ አራቱንም ብንጨርስ ይሻላል» አላቸው። እትዬ ፖስታ ለመንገዳቸው ሲሉ እሺ አሉ።

የምርቃቱ ቀን ደረሰ። አርባው ሰው ከጓሮው በር ወዲያ ተሰልፏል፤ ከኋላ ዳቦ ጋጋሪው በባለ ሦስት እግሩ ብስክሌት ሣጥን ውስጥ ውሃና ዳቦ ጭኗል። ጋሽ ጆሮ ደረጃው ላይ ወጥቶ፣ ወግ ለማሳመር እንደቆመ ሰው ሁሉንም ቃኘና፣ ኮርቻው ላይ ተደላድሎ ደፉን ገፋ። ሄደ! ከኋላው የአርባ ብስክሌት ጠጠር መፍጨት ተነሳ። ለዓመታት በር ላይ ቆሞ ነጠላ ነጠላውን ያዳመጠው ድምፅ ዛሬ ሁሉም አንድ ላይ ተከተለው።

ወንዙ በግራ ታጠፈ፣ ውሃው በድንጋዩ ላይ ይንሾካሾካል። ወይኖቹ መጡ፤ ለቃሚዎቹ ቀና ብለው አጨበጨቡ። ያቺ የወደቀባት የወይን ረድፍ ስታልፍ አንገቱን አዞረ። አሥር ኪሎ ሜትር፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ አምስት። ጫካው ገባ፣ ጥላው ቀዘቀዘ፣ ጠጠሩ ላይ ቅጠል ረግፏል። ፍሬን ያዝ ማድረግ፣ መልቀቅ፣ ሩቅ ማየት፤ ሁሉም ልክ ነው። ሰባት ኪሎ ሜትር ብቻ ቀረው።

ያን ጊዜ ነው የሰማው። ከኋላው፣ ከቀኝ፣ «ቀጭ» አለ። ትንሽ ቆይቶ ጠጠር ሲያነጥር እንደገና «ቀጭ»። የአርባ ብስክሌት ድምፅ መሃል እንደ ትንኝ ነች። ግን ያቺን ድምፅ ያውቃታል። ከሃያ ዓመት በፊት አንዴ ሰምቷት፣ የብስክሌቱ ባለቤት «ምንም አይደል» ብሎ ነድቶ ሄዶ፣ በማግስቱ የፊት ጥርሶቹን በመሐረብ ይዞ መጥቷል። የፊት ጎማውን አቅፎ የሚይዘው ሹካ ከመሪው ሥር ሲሰነጠቅ ነው እንደዚያ የሚለው።

ዞር ቢል እትዬ ፖስታ ናቸው። ፊታቸው ፈክቷል፤ ከፊት ለፊት ደግሞ ወደ ድልድዩ የሚወርደው ረጅሙ ቁልቁለት አለ።

«እትዬ! ይውረዱ! ሹካዎ ተሰንጥቋል!»

«ምን? ብስክሌቴን አርባ ዓመት የማውቃት እኔ ነኝ!»

«ይውረዱ በሞቴ!»

«አንተው ራስህ አንቆምም አላልክም?» አሉና ጭራሽ ሊቀድሙት ገፉ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የሰውዬው ነገር። ካልወረደ ስሙ እንደተከበረ ይቀራል፤ ከወረደ ባዶ ሜዳ ላይ ነው፣ ደረጃ የለ፣ ሣጥን የለ፣ አርባ ሰው ቆሞ ያያል። ይህን ሁሉ አስቦታል ብላችሁ እንዳታምኑ፤ ለማሰብ ጊዜም አልነበረውም። ፍሬኑን ጨመቀ፣ ብስክሌቱን መንገዱ ላይ አገደመ፣ እትዬ ፖስታ እየተሳደቡ ሊጋጩት አንድ ክንድ ሲቀራቸው ቆሙ። ከኋላ አርባው ሰው አቧራ በአቧራ ሆነ።

«አብደሃል እንዴ!»

ጋሽ ጆሮ ወረደ። ብስክሌታቸውን ተቀብሎ ገለበጠ፣ ሹካው አንገት ላይ ያለውን የዘይት እድፍ በመሐረቡ ጠረገ። ፀጉር የምታህል መስመር፣ ከግማሽ በላይ ዙሪያውን ዞራለች። ጎማውን በጉልበቱ ትንሽ ጫን አደረገው። ቀጭ! ሹካው ለሁለት ተሰበረ፣ ጎማው እጁ ላይ ቀረ።

እትዬ ፖስታ ጎማውን አዩ፣ ቁልቁለቱን አዩ፣ ከታች ያለውን የድልድይ ድንጋይ አዩ። ነርሷ መጥታ ክንዳቸውን ያዘች። «ሰማኸው?» አሉ ቀስ ብለው። «በዚህ ሁሉ መሃል ሰማኸው?»

ነርሷ ማጨብጨብ ጀመረች፣ ሁሉም ተከተለ። አንዱ ከኋላ «ጋሽ ጆሮ፣ ብስክሌትህን ለእትዬ ስጣቸውና አንተ በእግርህ ና፣ ተሸክመን ነው የምናስገባህ!» አለ። በሩ ወለል ብሎ ተከፈተለት ማለት ነው። ብስክሌቱን መስጠት፣ በእግር መጨረስ፣ ጀግና ተብሎ መግባት። ማንም ምንም አያውቅም። እጁ ብስክሌቱን ለመግፋት ተንቀሳቅሶም ነበር። ከዚያ ጣቢያው በር ላይ መንገድ መንገድ የምታየው ሴትዮ ትዝ አለችው። በእግሩ ሲመጣ ስታየው ምንም አትለውም፤ እንደ ሃያ ስምንቱ ዓመት ዝም ትላለች።

«እትዬ» አለ። «ብሰጥዎ ደስ ይለኝ ነበር። ግን እኔ መንዳት ከተማርኩ ገና ስድስተኛ ሳምንቴ ነው። ከሜዳ ተነስቼም አላውቅም። ሠላሳ ስድስት ዓመት ዋሽቻችኋለሁ። አሁን ግን ይህን መንገድ ነድቼ መጨረስ እፈልጋለሁ።»

ሰዉ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ፊቱን ሲያዩ ሳቁ ቆመ። መጀመሪያ የተናገሩት እትዬ ፖስታ ናቸው።

«አንቆምም፣ ጠጠሩ ይቆፈራል ያልከው ለዚህ ኖሯል!»

«አዎ።»

«ኩሽኔታ እየሰማሁ ነው ብለህ የተጋደምከውስ?»

«ወድቄ ነው።»

እትዬ ፖስታ መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ያ ትልቅ ገላ በሙሉ በሳቅ ተናወጠ፣ እንባቸው ወረደ። ሲጨርሱ ዳቦ ጋጋሪውን ጠሩና ባለ ሦስት እግሩ ሣጥን ውስጥ፣ ዳቦው መሃል፣ ንግሥት መስለው ተቀመጡ። «ሁላችሁም ቁሙ!» አሉ። «ይሄ ሰውዬ ሳይነሳ ማንም አይነሳም። ና፣ ቀኝ እግርህን ፔዳሉ ላይ አድርግ። ከፍ አድርገው እንጂ! ሩቅ እይ!»

ገፋ፣ እግሩ ከዳችው፣ ጎኑን መታ። «ምንም አይደል፣ ድገም!» ደገመ፤ ሁለት ሜትር ተንገዳግዶ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። የሚስቅ አልነበረም፤ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይዟል። ሦስተኛውን ሲሞክር ዓይኑን ጨፈነ። ዓይኑን እንደዚያ በሩ ላይ እንደሚጨፍነው ጨፍኖ የራሱን ጎማ አዳመጠ። ጠጠሩ ከጎማው ሥር አንዴ ሲፈጭ ሰማ፤ አሁን! ብሎ እግሩን አነሳ። ብስክሌቷ ተቀበለችው።

«ዓይንህን ግለጥ አንተ እብድ!» ብለው ጮኹ እትዬ ፖስታ። ገለጠው። ጫካው እልል አለበት ብል አጋነንኩ አትበሉኝ፤ አርባ ሰው በአንድ አፍ ሲጮህ ዛፉም ይመልሳል። ቁልቁለቱን ወረደ፣ ድልድዩን ተሻገረ፣ ነፋስ ሸሚዙን ሞላው። ዳቦ ጋጋሪው እትዬ ፖስታን ጭኖ ላቡ ጠብ እያለ ከኋላ ይከተላል፣ እሳቸው ዳቦ እየገመጡ ያዛሉ።

ጣቢያው በር ላይ ባለቤቱ ከጠረጴዛው ፊት ቆማለች። ዘግይተዋልና ፊቷ ነጥቷል። ከጎኗ ያ የወይን ሣጥን ተገልብጦ ተቀምጧል። ጋሽ ጆሮ ሲደርስ፣ ክርኑ ተልጧል፣ ሱሪው ላይ ቅጠል ተለጥፏል።

«ወደቅክ?» አለችው እየሮጠች።

«ሁለቴ።» ወረደ። ሣጥኑን በእግሩ ወደ እሷ ገፋ አደረገው። «ተቀመጪበት፣ ቆመሽ ዋልሽ።»

«ታዲያ አንተ በምን ትነሳለህ?»

ባዶው ሜዳ መሃል ብስክሌቱን አቁሞ ገፋ፣ እግሩን አነሳ፣ ሄደ። ጠረጴዛውን አንድ ዙር ዞሮ መጥቶ ፊቷ ቆመ። ባለቤቱ ሣጥኑ ላይ ቁጭ እንዳለች፣ ሁለት እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ፣ ያን ሁሉ ዘመን ያልወጣውን እንባ አለቀሰች። ካለቀሰች በኋላ ተነሳችና ግድግዳውን ተደግፋ የቆመችውን የራሷን ብስክሌት አመጣች።

«ከሠላሳ ስድስት ዓመት በኋላ ተገኘህ» አለችው። «እስቲ እውነቱን ንገረኝ፤ ሃያ አራቱን ኪሎ ሜትር ከእኔ ጋር መመለስ ትችላለህ?»

«እንዴታ!» አለ ጋሽ ጆሮ።